የአያቴ አመድና የዚህ አገር አፈር

ለተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን፤ እኔ እዚሁ እስራኤል የተወለድኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማረው በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛዬ ቢያደናቅፈኝ ይቅር በሉኝ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አመድ ነው። «ስለ አመድ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በቤታችን በአመድ ምክንያት አያቴ በጣም አዝነው ነበር። እኔም በዚያ ኀዘን ውስጥ ጥፋት ነበረብኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። የምድጃ አመድ በዚህ አገር በአብዛኛው ቦታ በጓሮና በሣር ላይ መበተን የለበትም። ይሁን እንጂ አመድ የሚበትኑትን እናቶቻችንን «አያውቁም» ማለት ከዚያ የበለጠ ስሕተት ነው። ሁለቱንም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አያቴ ተወልደው ያደጉት በጎንደር፣ በወገራ ነው። ወደዚህ የመጡት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። አሁን የሚኖሩት በገሊላ ተራራ ላይ ባለች ከተማ፣ ትንሽ ጓሮ ባላት ቤት ውስጥ ነው። በጓሮው አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ ከጎረቤቶች ጋር የጋራ የሆነ ሣር አለ፤ እዚህ ዴሼ የምንለው ማለት ነው። ከተማዋ ብርዳም ስለሆነች አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሚን አስገባላቸው። ካሚን እንጨት የሚነድበት፣ ጭስ መውጫ ያለው የብረት ምድጃ ነው። አያቴ በካሚኑ በጣም ተደሰቱ። በተለይ የወይራ እንጨት ሲነድ «ሽታው አገሬን ያስታውሰኛል» ይላሉ።

እንጨት ባለበት ደግሞ አመድ አለ። አያቴ አመድ መጣል አይወዱም። በአገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየቤቱ ያለው እሳት ሁሉ ይጠፋ እንደነበር ነግረውኛል። በሰንበት እሳት አይነድም፤ ምግቡም ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ እሁድ ጧት፣ አዲስ እሳት ሳይለኮስ፣ የቀዘቀዘው አመድ ከምድጃው ይታፈስና ወደ ጓሮ ይወሰድ ነበር። ለጎመኑ፣ ለጌሾው፣ ለዱባው ሥር ይሰጥ ነበር። ከአመዱ ጋር የከብት ፍግም ይደረግ ነበር። ጓሮው ከሩቁ እርሻ ይልቅ ለም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እዚህም እንደዚያው አደረጉ። በየሳምንቱ እሁድ ጧት አመዱን በባልዲ አፍሰው ግማሹን ለሎሚው ሥር፣ ግማሹን ለፊት ለፊቱ ሣር ሰጡ። ሣሩ የከሳ መስሎ ስለታያቸው ነው። እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ።

በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ የሎሚው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ሥሮቹ ግን፣ ማለት በቅጠሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች፣ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። በሣሩ ላይ ደግሞ ዝናቡ አመዱን እንደ ጭቃ ለጥፎት ግራጫ ቅርፊት ሆነ። በጣም በወፈረበት ቦታ ሣሩ ተቃጠለ። ጎረቤቶች አጉረመረሙ። አንድ ቀን አትክልት የሚያስተምር ሰው ወደ ሰፈራችን መጣ። አያቴ ሎሚውን አሳዩትና አመድ እንደሚሰጡት በእኔ አስተርጓሚነት ነገሩት። ሰውየው በእጁ ምልክት እያደረገ በዕብራይስጥ «ተዪው በያት፣ ይህ የድሮ ነገር ነው» አለኝ። እኔም ቃሉን እንዳለ ተረጎምኩት። «ለምን?» ብዬ አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፍሬም ነበር፤ ያፈርኩትም በሰውየው ሳይሆን በአያቴ ነው።

አያቴ ምንም አልመለሱም። ባልዲውን አስቀመጡና እጃቸውን እያዩ «እጄ አመድ አፋሽ ነው» አሉ። ይህ አነጋገር ደግ ሠርቶ ምስጋና ያላገኘ ሰው የሚናገረው መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ስለ ባልዲው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ትርጉሙን እናቴ ማታ ስትነግረኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለመማር ፈለግሁ። የሳይንስ አስተማሪዬን ጠየቅሁ፣ መጽሐፍም አነበብኩ። ያገኘሁትን በቀላሉ ልንገራችሁ።

እንጨት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ናይትሮጅን ማለት ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና የሚያሳድገው ምግብ ነው። በአመድ ውስጥ ለማለት ያህል እንኳ የለም። በአመድ ውስጥ የሚቀረው በብዛት ካልሲየም፣ ማለት የኖራ ዘር ነው። ፖታሲየም አለ፤ ትንሽ ፎስፈረስና ማግኒዥየምም አለ። ስለዚህ አመድ በእርግጥ ማዳበሪያ ነው፤ የእናቶቻችን እምነት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አመድ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ኖራም ነው። የነካውን አፈር ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

የአፈርን ኮምጣጣነት የሚለኩበት ፒኤች የሚባል ቁጥር አለ። ከ0 እስከ 14 ይደርሳል። መካከሉ 7 ነው። ከ7 በታች ኮምጣጣ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ከ7 በላይ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው፤ አልካላይን ይባላል። በአመድ የተበጠበጠ ውሃ ከ10 በላይ ይሆናል። አብዛኛው አትክልት የሚወደው ከ6 እስከ 7 ያለውን ነው።

አሁን ሁለቱን አገሮች እናስተያይ። በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ዝናብ በሚዘንብበት ቦታ ዝናቡ ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖራውን ከአፈሩ አጥቦ ወስዷል። ስለዚህ በብዙ ቦታ አፈሩ ኮምጣጣ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ ኮምጣጣ እንደሆነ ይገመታል። መንግሥትም ገበሬው በማሳው ላይ ኖራ እንዲጨምር ይመክራል። እንግዲህ እናቶቻችን ኖራ የሚሸጥ ሰው ሳይኖር፣ ግብርና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ከምድጃቸው ኖራ እያወጡ ለጓሯቸው ይሰጡ ነበር ማለት ነው። ይህ «የድሮ ነገር» ብሎ የሚናቅ አይደለም። ትክክለኛ ሥራ ነበር።

የእስራኤል መሬት ግን ሌላ ነው። ተራሮቻችን፣ በገሊላም በኢየሩሳሌምም፣ አብዛኞቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው። በጋው ረጅምና ደረቅ ስለሆነ ኖራውን የሚያጥብ በቂ ዝናብ የለም። ስለዚህ በአብዛኛው ቦታ አፈሩ ከ7 በላይ ነው። የምናጠጣው ውሃም ኖራ አለበት። ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ የቤታችሁን ኩምኩም ክፈቱና እዩ። ከታች የተጋገረው ነጭ ነገር፣ አቫኒት የሚሉት፣ እርሱ ኖራ ነው። በዚህ ላይ አመድ ስንጨምር የጠገበን ሰው «ብላ፣ ብላ» ብለን እንደማስጨነቅ ነው።

ታዲያ ሎሚው ለምን ቢጫ ሆነ? ቅጠል አረንጓዴ እንዲሆን ብረት ያስፈልገዋል። ብረት በአፈራችን ውስጥ ሞልቷል። ነገር ግን ኖራ በበዛበት አፈር ብረቱ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ቅጠሉ ቢጫ፣ መስመሮቹ አረንጓዴ መሆናቸው የዚህ በሽታ ምልክት ነው። ግን ለአያቴ ፍትሕ ለመስጠት ይህንንም ልጨምር፦ አመዱ ብቻውን አይደለም ያመጣው። በብርድ ወራት፣ አፈሩ ቀዝቅዞ ውሃ ሲቋጥር፣ አመድ አይቶ የማያውቅ ሎሚም በዚህ አገር እንዲህ ቢጫ ይሆናል። አመዱ ያባሰው እንጂ የፈጠረው አይደለም።

ስለ ሣሩም እንዲሁ ነው። በቀዝቃዛና ዝናባማ የአውሮፓ አገሮች ሰዎች በሣራቸው ላይ አመድ በስሱ ይበትናሉ። እዚያ አፈሩ ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ ይጠቅማቸዋል። የእኛ ሣር ግን የጎደለው ኖራ ሳይሆን ናይትሮጅን ነው፤ እርሱ ደግሞ በአመድ ውስጥ የለም። ሣሩ ሲታጨድ ድቃቂውን እዚያው መተው ከአንድ ባልዲ አመድ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ወደ አያቴ ሄድኩ። ግን በቃል ብቻ መናገር አልፈለግሁም። አንድ ሳህን ላይ ከጓሮው ደረቅ አፈር አደረግሁ። በሌላ ሳህን ላይ ከካሚኑ የቀዘቀዘ አመድ አደረግሁ። ከዚያ በሁለቱም ላይ ኮምጣጤ አፈሰስኩ። አመዱ ሺሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ። አፈሩም እንደዚሁ ሺሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ። «እማማ፣ ይህ አረፋ ኖራው ነው፤ በአመዱም በአፈሩም ውስጥ አለ» አልኳቸው።

አያቴ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «ታዲያ ይህ መሬት አመድ ጠግቦ ነው የቆየኝ» አሉ። እኔ በሁለት ሳምንት ያነበብኩትን እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከዚያ ደግሞ እኔ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። በአገር ቤትም አመድ የትም አይበተንም ነበር አሉ። ገና ለበቀለ ችግኝ አይሰጥም፤ ያቃጥለዋል። አንድ ቦታ ላይ አይከመርም። በአንዱ ዓመት የተሰጠው ቦታ በሚቀጥለው ይታለፋል። «መሬቱን እያየሽ ነው እንጂ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ያኛው መሬት ይራብ ነበር» አሉኝ። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የጎደላቸው እውቀት ሳይሆን ይህ መሬት ሌላ መሬት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ነው። ያን መንገር የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ለእኔ ብሎ ምክንያቱን የነገረኝ ሰው ባይኖርም መጠየቅ እችል ነበር።

እዚህ ላይ የምቃወማቸው ሁለት አስተያየቶች አሉ።

አንደኛው ከእናንተ ከታላላቆቻችን አንዳንዱ የሚለው ነው፦ «እኛ በአገራችን ስንሠራበት የኖርነውን ማንም አያስተምረንም።» በአክብሮት እንዲህ እላለሁ። በአገራችሁ የሠራችሁበት ትክክል ነበር፤ ግን የሠራው ከዚያ መሬት ጋር ሆኖ ነው። መሬቱ ሲለወጥ ሥራውም ሊለወጥ ይገባዋል። ይህ የአባቶችን ልማድ መጣል አይደለም። መሬቱን አይቶ መስጠት ራሱ የአባቶች ልማድ ነው።

ሁለተኛው ከእኛ ከልጆቹና ከአንዳንድ አስተማሪዎች የሚሰማው ነው፦ «ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ተዉት።» ይህ አባባል ሰውን ያዋርዳል፤ ደግሞም ምንም አያስተምርም። ሰውየው ለአያቴ የሰጠው ምክር እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ስላልተነገረ ግን እንደ ስድብ ሆነ። እኛ ልጆች በክሊኒክ፣ በባንክ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለወላጆቻችን እናስተረጉማለን። ቃሉን ብቻ እንተረጉምና ምክንያቱን እዚያው እንተወዋለን። ከእንግዲህ እኔ «ለምን?» ብዬ ሳልጠይቅ ላለመተርጎም ወስኛለሁ። ጓደኞቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

አሁን በሥራ ላይ የሚውል ምክር ላቅርብ። በቤታችሁ ካሚን ወይም የእንጨት ምድጃ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ አፈራችሁን ፈትኑ። ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ አፍስሱ። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፤ አመድ አትጨምሩበት። አረፋ ካልደፈቀ ግን ወዲያው አትወስኑ፤ በፒኤች ወረቀት ይለካ። በዚህ አገርም ሁሉም አፈር አንድ አይደለም። በባሕሩ ዳርቻ፣ በሐዴራ፣ በነታኒያና በረሖቮት አካባቢ ሐምራ የሚባል ቀይ አሸዋማ አፈር አለ፤ እርሱ ኖራ የለውም፣ ትንሽ ኮምጣጣም ሊሆን ይችላል። ልኬቱ ከ6.5 በታች ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ50 እስከ 70 ግራም በስሱ መበተን ይቻላል። ከዚያ አይለፍ።

ሁለተኛ፣ አመዱ ከንጹሕ እንጨት ይሁን። ቀለም የተቀባ፣ መድኃኒት የተነከረ ወይም ከአሮጌ የቤት ዕቃ የተሰበረ እንጨት አመድ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ወደምንበላው አትክልት አይቅረብ። እንዲህ ያለው እንጨት በቤት ውስጥም መንደድ የለበትም።

ሦስተኛ፣ አመዱ በደንብ ይቀዝቅዝ። ከአመድ በታች የተዳፈነ ፍም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን እሳት ታዳፍኑ የነበራችሁ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በላስቲክ ባልዲ ሳይሆን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ። በቆሻሻ መጣያም ትኩሱ አይጣል።

አራተኛ፣ አመድን ከትኩስ ፍግ ወይም ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ናይትሮጅኑ እንደ ጋዝ ሆኖ ይሸሻል፤ ያን የሚያፍን ሽታ የምታውቁት ነው። ኮምፖስት የምትሠሩ ከሆነ አልፎ አልፎ አንድ እፍኝ ብቻ በላዩ ላይ መነስነስ አይጎዳም።

አምስተኛ፣ ሎሚያችሁ ቢጫ ከሆነ አመድ መስጠት አቁሙ፣ ውሃም አታብዙበት። ከዚያ ችግኝ ከሚሸጥበት ከማሽቴላ ሄዳችሁ ለኖራማ አፈር የተሠራ የብረት መድኃኒት ጠይቁ። ቀይ ቡናማ ዱቄት ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ለሥሩ ይሰጣል። ለአያቴ ሎሚ ይህን አደረግን። ሙቀቱ ሲመጣ የወጣው አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ።

የተረፈውን አመድ ምን እናድርገው ካላችሁ፣ እናንተው የምታውቁት ሥራ አለው። ባቄላና ሽንብራ ነቀዝ እንዳይበላው በንጹሕ አመድ ይታሻል። የጠቆረ ድስት በአመድ ይፈገፈጋል። አያቴ አሁን ለዘር የሚያስቀምጡትን ባቄላ በአመድ አሽተው በጠርሙስ ይዘዋል፤ እኔም እንዴት እንደሚደረግ ጻፍኩት።

በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 19 ስለ ቀይዋ ጊደር ስናነብ፣ አመዷ እንዲሁ አይጣልም። ንጹሕ ሰው ይሰበስበዋል፤ ከሰፈር ውጭ በንጹሕ ቦታ ለማኅበሩ ይቀመጣል። እኔ ከዚህ የምማረው አመድም የራሱ ቦታ እንዳለው ነው። ቦታውን ሲያገኝ ይጠቅማል፤ ያለ ቦታው ይጎዳል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናገር። አንዳንድ ጊዜ ታላላቆች በእኛ በእዚህ ተወላጆች ሲያዝኑ «እሳት አመድ ወለደ» ሲሉ እሰማለሁ። እናንተ በእግር ወደ ሱዳን የተጓዛችሁ፣ በአዲስ አበባ የጠበቃችሁ፣ እሳት ናችሁ፤ እኛ ቋንቋውን እንኳ አጣርተን የማንናገር አመድ ነን ማለት ነው። ይህ ተረት ሲነገር ያመናል። ነገር ግን ስለ አመድ ከተማርኩ በኋላ ያን ያህል አልከፋም። አመድ በውስጡ ከእንጨቱ የተረፈ ብዙ ነገር አለው። የት እንደሚጠቅም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እናንተ ምክንያቱን ንገሩን፤ እኛም ሳናፍር እንጠይቃችሁ። እናንተ ሳትነግሩን ካለፋችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው አናገኝም።

አያቴ አሁንም እሁድ ጧት አመዱን ያፍሳሉ። ግን በብረት ጣሳ አድርገው በረንዳ ላይ ያስቀምጡና «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ የማን መሬት ነው የተራበው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሣሩም አገግሟል።